የከብት ሳንባ ነቀርሳና የቄራ ምርመራ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሁኔታ ሲመዘን

የከብት ሳንባ ነቀርሳ በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ በዓይን የሚለይ በሽታ አይደለም። በሽታው የያዘው በሬ ሲያርስ፣ የያዛትም ላም ስትታለብ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ክሳትና ሳል የሚታዩት ብዙውን ጊዜ በሽታው በአካል ውስጥ ከተስፋፋ በኋላ ነው። በአንገት ቆዳ ላይ በሚሰጥ የቱበርክሊን መርፌ መመርመር ይቻላል። ይሁን እንጂ ይህ ምርመራ እንስሳውን ከ72 ሰዓት በኋላ እንደገና መያዝን ይጠይቃል፤ በሽታው ቢገኝበትስ ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄም በአገራችን የተዘጋጀ መልስ የለም። በሽታው የተገኘባቸውን ከብቶች ለባለቤቱ ካሳ ከፍሎ የሚያስወግድ አገር አቀፍ ፕሮግራም ባለመኖሩ፣ ስለ በሽታው በየጊዜው የሚሰበሰበው መረጃ በአመዛኙ የሚገኘው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከቄራ፣ ከሥጋ መርማሪው ቢላዋ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ መረጃ ምን ሊነግረን እንደሚችልና ምን ሊነግረን እንደማይችል መመዘን ነው። ለመመዘኛነት የተመረጡት በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ናቸው። ስለ ቄራ ምርመራ የተጻፉት አብዛኞቹ ጥናቶች የተካሄዱት ትልልቅ ቄራ ባላቸው ከተሞች ሲሆን፣ ድምዳሜያቸው ግን ቄራ እምብዛም በማይታወቅበት ገጠር ላይ ጭምር ሲጫን ይታያል። ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪሞች ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት ያበጠበትን የገጠር ሕፃን የሚመረምር ሐኪም «በዚያ ወረዳ የከብት ነቀርሳ የለም» ብሎ ሲያስብ ያን ሐሳብ ከየት እንዳገኘው ራሱን ይጠይቅ። ምንጩ ተፈልጎ ቢገኝ፣ በአንድ ዓመታዊ ሪፖርት ሠንጠረዥ ውስጥ የተጻፈ ዜሮ ይሆናል።

የሥጋ ምርመራ በአገራችን በሕግ ከተደነገገ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የምርመራው ሥርዓት እንስሳው ከመታረዱ በፊት ቆሞም ሲራመድም ማየት፣ ከታረደ በኋላ ደግሞ ሥጋውንና የውስጥ አካላቱን ማየት፣ መዳሰስና በቢላዋ እየሰነጠቁ መመርመር ነው። ሥርዓቱ የተዘጋጀው ተመጋቢውን ለመጠበቅ ነው። መርማሪው የሚጠየቀው «ይህ ሥጋ ለሰው ምግብነት ይለፍ ወይስ አይለፍ?» ተብሎ ነው፤ ካለፈ ማኅተም ይመታበታል፣ ካላለፈ ይወገዳል። «ይህ እንስሳ በመጣበት አካባቢ ከመቶ ከብት ስንቱ በሽታው አለበት?» የሚለው ጥያቄ ለእርሱ አልቀረበለትም። ለአንዱ ጥያቄ የተሠራን መሣሪያ ለሌላው ጥያቄ መልስ ሰጪ ማድረግ፣ ዱቄት በሚነፋበት ወንፊት ውሃ ለመስፈር እንደመሞከር ነው።

ለዚያውም በተሠራበት ሥራ ላይ ሲመዘን መሣሪያው ደካማ ነው። ደመላሽ ቢፋና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ከሁሉም አስቀድሞ የሚጠቀስ ነው። በአምስት ቄራዎች በታረዱ 3,322 ከብቶች ላይ የተለመደው ምርመራ ከዝርዝር ምርመራ ጋር ተነጻጽሮ ነበር። የተለመደው ምርመራ የነቀርሳ ምልክት ያገኘው በ3.5 በመቶዎቹ ላይ ሲሆን፣ ዝርዝሩ ግን በ10.2 በመቶዎቹ ላይ አገኘ። ተራው ምርመራ በዓይን ሊታይ የሚችል ምልክት ካለባቸው ሦስት ከብቶች ሁለቱን ያህል አሳልፏል ማለት ነው።

ይህ የሆነው መርማሪዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ቋጠሮው ከአተር ፍሬ ሊያንስ ይችላል። የሚደበቀውም በሳንባው ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከጉሮሮ በስተኋላ፣ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል፣ በአየር ቧንቧው መክፈያ ላይና በአንጀት ሞራ ውስጥ ባሉት የሊምፍ ዕጢዎች ነው። እነዚህን ዕጢዎች አንድ በአንድ ፈልጎ፣ ከስቡ ለይቶና በስሱ እየሰነጠቀ፣ በውስጣቸው አይብ የመሰለ መግል ወይም የቢላዋውን ስለት የሚገታ ጠጠር መኖሩን የሚያይ ሰው ለአንድ በሬ በቂ ጊዜ ያስፈልገዋል። በአንጻሩ ዕርድ የሚከናወነው ብዙውን ጊዜ በሌሊት ነው፤ ብርሃኑ ደብዛዛ ነው፣ ባለ ልኳንዳው ሥጋው ሳይረፍድ እንዲወጣለት ያጣድፋል፣ የሚወገደው አካል ዋጋም የሚቆረጠው ከእርሱ ኪስ ነው። በዚህ ሁኔታ ሳንባውን ዳስሶ፣ ጉበቱን ሰንጥቆ ማኅተሙን የሚመታ መርማሪ ሥራውን አልሠራም ማለት አይቻልም፤ የሠራው ግን ሌላ ሥራ ነው።

ጥናቱን ማመስገን ተገቢ ቢሆንም፣ አንባቢው በአንድ ነገር ሊጠነቀቅ ይገባል። ዝርዝር ምርመራ ራሱ የመጨረሻው እውነት አይደለም። ባክቴሪያው በአካሉ ውስጥ ገብቶ ለዓይን የሚታይ ቋጠሮ ገና ያላበጀ እንስሳ በዝርዝሩም ያልፋል። ስለዚህ 10.2 በመቶ የሚለው ቁጥር ከበሽታው መጠን ወደ ታች የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ቀጥሎ እንደምንመለከተው ደግሞ በሌላ ምክንያት ወደ ላይ ያለፈም ሊሆን ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ ሥራው ያተኮረው እንደ አዲስ አበባ፣ አዳማና ሐዋሳ ባሉ የመካከለኛውና የደቡቡ ክፍል ቄራዎች ላይ ነበር። ከጉና ተራራ ግርጌ ያለ ገበሬ በሬ በዚያ ቁጥር ውስጥ እንዳለ አድርጎ መጥቀስ አይቻልም።

የከብቱ ዝርያም የራሱ ድርሻ አለው። ጎበና አመኒና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከ5,000 በላይ ከብቶችን በቱበርክሊን መርምረው፣ በሽታውን በሆልስታይን ላሞች 22.2 በመቶ፣ በአገራችን የዜቡ ከብቶች ግን 11.6 በመቶ ሆኖ አግኝተውታል። ይህን ቁጥር የሚጠቅሱ ብዙዎች ናቸው። የዚያኑ ጥናት ሁለተኛ ክፍል የሚጠቅሱ ግን ጥቂቶች ናቸው፦ በዜቡ ከብቶች ላይ የተገኘው የአካል ጉዳት ከሆልስታይኖቹ የቀለለ ነበር። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ይህ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚረባው ከብት በአብዛኛው የአገር ዝርያ ሲሆን በግጦሽ መስክ የሚውል ነው። ጉዳቱ ቀለል ያለ ከሆነ፣ በዓይንና በእጅ የሚደረግ ምርመራ ሊያገኘው የሚችለውም በዚያው መጠን ያነሰ ይሆናል። ቢላዋው እጅግ የሚሳሳተው እጅግ ልንጠቀምበት በምንፈልግበት ከብት ላይ ነው ማለት ነው።

በሌላው አቅጣጫ ያለው ስሕተትም ከዚህ የማይተናነስ ነው። ስቴፋን በርግና በርካታ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሰፊ ጥናት በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች በሚገኙ ቄራዎች የታረዱ 32,800 ከብቶች ታይተው፣ ነቀርሳ የሚያስጠረጥር ምልክት የተገኘው በ4.7 በመቶዎቹ ላይ ነበር። ጥናቱ በዚያ አላበቃም። ከ1,500 ያህሉ የተወሰደው ናሙና በላቦራቶሪ ሲመረመር የማይኮባክቴሪያ ወገን የሆነ ባክቴሪያ የበቀለው ከ11 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በዘር ምርመራ ሲለዩ ደግሞ 58ቱ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ የተባለው የከብቱ ነቀርሳ፣ 8ቱ የሰው ነቀርሳ የሆነው ማይኮባክቴሪየም ቲዩበርክሎሲስ ሲሆኑ፣ የቀሩት ሌሎች የአካባቢ ባክቴሪያዎች ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ባክቴሪያው በላቦራቶሪ አልበቀለም ማለት በናሙናው ውስጥ አልነበረም ማለት አይደለም፤ የደረቀና የጠጠረ ቋጠሮ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ላይኖረው ይችላል፣ ናሙናውም በመንገድ ይበላሻል። ቢሆንም በልዩ ልዩ ጥገኛ ትላትል፣ በተራ መግልና በሌሎች ባክቴሪያዎች ምክንያት የሚበቅሉ ቋጠሮዎች ሁሉ በሪፖርት ላይ «ነቀርሳ» እየተባሉ ሊመዘገቡ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

እንግዲህ አንዱ ስሕተት ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል፣ ሌላው ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ ይጣፋሉና መካከለኛው ውጤት እውነት ነው የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ በውይይት ላይ ይሰማል። ይህ መሠረት የሌለው መጽናኛ ነው። የሁለቱ ስሕተቶች መጠን ከቄራ ቄራ፣ ከመርማሪ መርማሪ፣ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ የት እንደሚገናኙም በላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ በቀር የሚታወቅበት መንገድ የለም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የተመለከተው ቄራ የደረሰውን ከብት ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ትልቁ ጉዳይ ግን ቄራ የማይደርሰው ነው።

አካባቢው ከጉና ከፍታዎች ተነሥቶ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ እስከ ጥልቅ የወንዝ ሸለቆዎች የሚወርድ፣ ገደል የበዛበት አገር ነው። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ የወረዳ ከተሞች ናቸው፤ በከተሞቹ ለልኳንዳ ቤት የሚታረደው ከብት በመርማሪ ፊት ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ዓይነት አነስተኛ ከተማ ማረጃ የሚባለው ብዙ ጊዜ የሲሚንቶ ወለልና ጣሪያ እንጂ የተሟላ ቄራ አይደለም። የቀረው ሕዝብ የሚኖረው በገጠር ነው። ገጠሬው የበሬ ሥጋ የሚበላው ደግሞ በየቀኑ ሳይሆን በበዓል፣ በሠርግና በተዝካር ነው። የሚታረደውም በደጅ፣ ከዛፍ ሥር፣ ቅጠል ተጎዝጉዞ ነው።

ዘመን አቆጣጠሩን ልብ ያለ ሰው የምርመራ አገልግሎቱ ችግር ወዲያው ይታየዋል። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀናት በክርስቲያኑ ዘንድ ዕርድ የለም፤ ልኳንዳ ቤቶችም ይዘጋሉ። ከዚያ በፋሲካ፣ ዶሮ ከጮኸበት ሰዓት አንሥቶ ረፋዱ ድረስ በየመንደሩ ቅርጫ ይታረዳል። በዓመቱ ውስጥ ከሚታረደው ከብት ሰፊው ክፍል በፋሲካ፣ በገና፣ በጥምቀትና በጥር ሠርግ ወቅት በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል ማለት ነው። በየቀኑ ጥቂት ከብት ወደ አንድ ቦታ እየመጣ እንዲመረመር ታስቦ የተዘረጋ አገልግሎት ከዚህ ልማድ ጋር ሊገናኝ አይችልም። በፋሲካ ሌሊት በአንድ ወረዳ በየቀበሌው የሚታረደውን በሬ ለማየት የሚበቃ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በየትኛውም የአማራ ክልል ወረዳ የለም፤ ቢኖርም እርሱም የበዓል ሰው ነው።

ቅርጫ ሲታረድ ምን እንደሚሆን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መዘርዘር ባላስፈለገ ነበር፤ ግን ከነቀርሳ አንጻር ሲታይ ሌላ መልክ አለው። አራጁ ምላሱን ከጉሮሮው ሲለይ፣ መርማሪው በቄራ ሊያየው የሚገባው ከጉሮሮ በስተኋላ ያለው ዕጢ በእጁ ላይ ነው። ሳንባው ብዙ ጊዜ ሰው አይበላውምና ለውሻ ይጣላል፤ በዚያው ከሳንባው ጋር የተያያዙት ዕጢዎች ሳይሰነጠቁ ይሄዳሉ። (ይህ ልማድ የውሻን የኮሶ ዓይነት ትል ወደ ከብትና ወደ ሰው የሚመልስ መሆኑ ሌላ ሰፊ ርእስ ነው።) ጉበቱና ጨጓራው ለዱለት ይከተፋሉ፤ ሞራው ይወጣል፤ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፋፈልና ከፊሉ በጥሬው ይበላል። አራጁ በዕድሜ ልኩ ብዙ ከብት የከፈተ ሰው ነው፤ መግል ያለበትን ሥጋ ቆርጦ መጣል ያውቃል። ያየውን የሚነግረው ግን የለም፤ የሚጠይቀውም የለም። በሪፖርቱ ላይ ያ በሬ የለም።

ይህ በቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ከየትም ያልተወሰዱ፣ ለስሌት ብቻ የታሰቡ ናቸው። በአንድ ወረዳ በዓመት 1,000 ከብት ቢታረድ፣ ከእነርሱም 100ዎቹ ብቻ በመርማሪ ፊት ቢያልፉ፣ ከመቶው በሁለቱ ላይ የነቀርሳ ቋጠሮ ቢኖርና መርማሪው ከሦስቱ አንዱን የማግኘት ዕድል ቢኖረው፣ በዓመት ይገኛል ተብሎ የሚጠበቀው አንድ እንኳ አይሞላም። በእንዲህ ያለ ወረዳ ከሁለት ዓመት በአንዱ ያህል ሪፖርቱ ላይ ዜሮ ይጻፋል። በዚያው ዓመት ግን 20 በሽተኛ ከብቶች ታርደው ተበልተዋል። ዜሮው ሐሰት አይደለም፤ መርማሪው ያላየውን አልጻፈም። ስሕተት የሚሆነው ዜሮውን «የለም» ብሎ የሚያነበው ሰው ነው።

ከወረዳው ወጥቶ የሚሄደው ከብትም አለ። የጋይንት ገበሬ እርሻ የደከመውን በሬ አድልቦ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር፣ ወይም ወደ ወልድያ አቅጣጫ ይነዳዋል፤ ከዚያም አልፎ ሊሄድ ይችላል። በዕድሜ የገፋና በብዙ መንጋ መካከል የዋለ በሬ በሽታውን የመያዝ ዕድሉ ከወይፈን ይበልጣል፤ ስለዚህ ስለ አካባቢው ብዙ ሊነግረን የሚችለው እርሱ ነበር። በከተማው ቄራ ሲደርስ ግን ማንነቱ ጠፍቷል። ነጋዴው ከሦስት ገበያ ሰብስቦታል፤ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ቢበዛ የመጨረሻው ገበያ ስም ነው። በባሕር ዳር ቄራ ሳንባው ላይ ቋጠሮ ቢገኝበት፣ ያ ቋጠሮ የባሕር ዳር ሆኖ ይቆጠራል እንጂ ተመልሶ ወደ ስማዳ አይደርስም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በየዩኒቨርሲቲው በእንስሳት ሕክምና በሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎችና በየቢሮው በሚዘጋጁ ሪፖርቶች፣ በቄራ ምልክት የተገኘባቸው ከብቶች ቁጥር ለታረዱት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት «የስርጭት መጠን» ይባላል። ስርጭት በአማርኛ በአንድ አገር ላይ የተዘረጋን፣ የተበተነን ነገር ያመለክታል። ቁጥሩ የሚያመለክተው ግን በአንድ ማረጃ፣ በተወሰኑ ወራት፣ በአንድ መርማሪ ዓይን የታየን ነገር ነው። «በታረዱት ላይ የታየ የምልክት መጠን» ቢባል ረዘም ይላል፤ ሆኖም አይዋሽም። በእኛ አስተያየት የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎች በዚህ ቃል ላይ ጠንከር ቢሉ፣ ከብዙ የስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ ይልቅ ይጠቅሙ ነበር። የአምስት ዓመት መዝገብ ተገልብጦ የተጻፈ ጽሑፍ መዝገቡ ያላየውን ሊያይ አይችልምና።

አሁን ወደ ሰው እንመለስ። በአገራችን ከሚመዘገበው የነቀርሳ ሕመም ሲሶ ያህሉ ከሳንባ ውጭ ያለ ሲሆን፣ አብዛኛው የአንገት ንፍፊት ነው። ጥሬ ወተት የሚጠጣበትና ጥሬ ሥጋ የሚበላበት አገር በመሆኑ ይህ የንፍፊት ብዛት ከከብት የመጣ መሆን አለበት የሚል ግምት ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። ረቡማ ፍርዴሳና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ግምት ፈተኑት። ከንፍፊትና ከሳንባ ሕሙማን የተገኙ 964 ናሙናዎች በዘር ምርመራ ሲለዩ፣ በሁለቱ የሕመም ዓይነቶች የተገኘው የባክቴሪያ ዝርያ ተመሳሳይ ሆነ፤ የከብቱ ነቀርሳ ድርሻም እጅግ ጥቂት ነበር። እግረ መንገዱን ይኸው ጥናት ከአፍሪካ ቀንድ ጋር የተሳሰረ፣ ቀድሞ ያልታወቀ የሰው ነቀርሳ የዘር ሐረግ አግኝቷል፤ ከጋይንት በስተምሥራቅ ያለችው ወልድያ በዚህ ረገድ ጎልታ የታየች ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናትም ለንፍፊቱ ብዛት አንድ ብቸኛ ምክንያት ማግኘት አልተቻለም ሲል ከከብት መተላለፉን የሚያሳይ ማስረጃ ጥቂት መሆኑን ደገመው።

ይህን ማስረጃ ወደ ጎን ትቶ ስለ ጥሬ ወተት ማስፈራራት ተገቢ አይደለም፤ በየስብሰባው የሚደረገውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። በሌላ በኩል ማስረጃው «በየትም ቦታ ሥጋት የለም» ወደሚል ድምዳሜ ሊያደርሰን አይገባም። ተመሳሳይ ድምዳሜ በታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 የነቀርሳን ባክቴሪያ ያገኘው ሮበርት ኮኽ ራሱ በ1901 ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ፣ የከብቱ ነቀርሳ ለሰው የሚያሰጋ አይደለም አለ። እንግሊዞች በዚያው ዓመት ያቋቋሙት የንጉሣዊ ኮሚሽን አሥር ዓመት ደክሞ በ1911 ባቀረበው ሪፖርት፣ የከብቱ ባክቴሪያ ሰውን፣ በተለይም ወተት የሚጠጡ ሕፃናትን እንደሚያሳምም አረጋገጠ። የኮኽ ስሕተት ያየው ነገር ሐሰት መሆኑ ሳይሆን፣ ካየው አልፎ ማዘዙ ነበር።

በሥራ ላይ ያለው ሐኪም ችግር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። በሆስፒታሎቻችን የሚሠራበት የጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ነቀርሳ መኖሩን ይናገራል እንጂ የሰው ይሁን የከብት አይለይም። በማይክሮስኮፕም ሁለቱ አንድ ናቸው። በላቦራቶሪ ለማሳደግ ቢሞከር እንኳ የከብቱ ባክቴሪያ ግሊሰሮል ባለበት በተለመደው ማሳደጊያ ላይ በቀላሉ አይበቅልም፤ ፒሩቬት የተጨመረበት ይፈልጋል፣ ይህን የሚያዘጋጅ ላቦራቶሪ ደግሞ ጥቂት ነው። ልዩነቱ ለሕክምናው ዋጋ የለውም እንዳይባል፣ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሚሰጡት አራት መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ፒራዚናማይድን በተፈጥሮው ይቋቋማል። ከከብት የተያዘ ሕፃን በመደበኛው መርሐ ግብር ሲታከም በእርግጥ የሚያገኘው የመጀመሪያ ወራት ሕክምና በሦስት መድኃኒት ነው። ስለዚህ ከከብቱ ወገን ያለው መሣሪያ አያይም፣ ከሰው ወገን ያለው አይለይም። ሁለት ዓይነ ስውሮች አንዱ የሌላውን ዝምታ እንደ ምስክርነት እየወሰዱ ነው።

የቄራ ምርመራ ግን በዓለም ላይ አገሮችን ከከብት ነቀርሳ ለማጽዳት አገልግሎ የለምን? አገልግሏል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1970 የጀመረችውን ዘመቻ ጨርሳ በ1997 ከበሽታው ነጻ መሆኗን ስታውጅ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በዋናነት የተማመነችው በቄራ ክትትል ነበር። ይህ ምሳሌ በእኛ አገር በሚቀርቡ ምክረ ሐሳቦች ውስጥ ሲጠቀስ ሦስት ነገሮች ይዘለላሉ። በአውስትራሊያ ለገበያ የሚታረደው ከብት በቄራ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ከብት የመጣበትን እርሻ የሚያሳይ ምልክት ጅራቱ ላይ ታስሮለት ነበር፤ የተገኘው ቋጠሮ ሁሉ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ ነበር። የቄራ ምርመራ የሠራው እነዚህ ሦስቱ ስለነበሩ ነው። ከዚህም በላይ የመጣው በመርፌ ምርመራ በሽታው ከተመናመነ በኋላ እንጂ በእርሱ ፋንታ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቄራ ምርመራ ይቅር ማለት አይደለም። የወረዳ ከተማ ተመጋቢ ያለው ብቸኛ ጥበቃ እርሱ ነው፤ በአነስተኛ ወጪም ሊሻሻል ይችላል። መርማሪው ከጉሮሮ በስተኋላ፣ በሳንባዎች መካከልና በአንጀት ሞራ ያሉትን ዕጢዎች ብቻ ሳያልፍ እንዲሰነጥቅ ቢታዘዝና ለዚህ የሚሆን መብራትና ጊዜ ቢሰጠው፣ አብዛኛው የሚያመልጠው ይያዛል። ቋጠሮ ሲገኝ ናሙናው ባሕር ዳር ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ የሚደርስበት መንገድ ቢበጅ፣ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል በመዝገብ ላይ ክብደት ይኖረዋል። በሆስፒታል ከአንገት ንፍፊት የሚቀዳው ናሙና ከፊሉ፣ በተለይ ከልጆችና ከከብት ጋር አንድ ቤት ከሚያድሩ ቤተሰቦች የሚመጣው፣ ለዘር ምርመራ ቢላክ ደግሞ ከሁለቱ ዓይነ ስውሮች አንዱ ማየት ይጀምራል። በደጋው ብርድ ጥጃና ላም ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸው የተለመደ ነውና፣ ትንፋሹ ከሥጋውም ከወተቱም ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል።

አስቸጋሪው የገበሬው ጉዳይ ነው። አንድ ጥማድ በሬ ያለውን ሰው «አንዱ በሬህ በሽታ አለበት» ብሎ መንገር፣ ምትኩን ሳይሰጡ ከሆነ እርሻውን መንሣት ነው። ካሳ በሌለበት አገር በቤት ለቤት የመርፌ ምርመራ መጀመር፣ ገበሬው በሬውን በማግስቱ ወደ ገበያ እንዲነዳው ማድረግ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለጊዜው በእጃችን ያለው የታረደውን ማየት ነው፤ የታረደውን ለማየትም አራጁን መያዝ ይቀድማል። በየመንደሩ ቅርጫ የሚያርዱት ሰዎች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት በቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ተሰብስበው ከጉሮሮና ከሳንባ መካከል ያለውን ዕጢ እንዴት እንደሚሰነጥቁ ቢማሩ፣ አይብ የመሰለ ነገር ያዩ እንደሆነም ለባለሙያው ቢናገሩ፣ ስማቸውና የባለ በሬው ስም ሳይጻፍ የቀበሌው ስም ብቻ ይመዝገብ።

በወረዳው ወርኃዊ ቅጽ ላይም «የታረዱ»፣ «የተመረመሩ» እና «ምልክት የተገኘባቸው» ከሚሉት ዓምዶች ቀጥሎ «ሳይመረመሩ የታረዱ» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ግምት እንኳ ቢሆን፣ በዓሉ ባለፈ ሳምንት ከየቀበሌው የግብርና ሠራተኞች በቃል ተጠይቆ ሊሞላ የሚችል ቁጥር ነው።